ቁሌቱ ሳይጣድ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የማወራችሁ። ከባንኮኒው ጀርባ ስለምውል የምሰማው ብዙ ነው፤ የማየው ደግሞ ከምሰማው ይበልጣል። ገርጂ ያለችው ይህች ቤት ስትከፈት እኔ በሩ ላይ ጀበና ይዤ የተቀመጥኩ ልጅ ነበርኩ። ያኔ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ የቡና ማሽንና አንድ ፍሪጅ ያላት ካፌ ነበረች። ዛሬ ምግብ ቤት ሆናለች፤ እኔም ሒሳብ ተቀባይ ሆኛለሁ። ስሟን አልነግራችሁም። በየሰፈሩ እንዲህ ያለች ቤት አለች፤ ለዓመታት ማኪያቶ ስትጠጡባት ኖራችሁ አንድ ቀን በሩን ስትገፉት ከቡናው ሽታ ቀድሞ የሽንኩርት ሽታ የተቀበላችሁ።

ስለዚያ ሽታ ደንበኞቻችን ከአንድ ሰው በቀር ለእኛ አንድም ቃል አልተነፈሱም። በር ላይ ሲሰነባበቱ ግን ይነጋገሩበት ነበር። ያኔ ጀበናው ገና በር ላይ ስለነበር ይሰማኛል። ወደ ውስጥ ገብቼ ግን አልተናገርኩም። አሁን የምነግራችሁ ያኔ ልናገረው የሚገባኝን ነው።

ካፌ ምግብ ቤት የሚሆነው ባለቤቱ አንድ ሌሊት አስቦበት ጠዋት ሲነጋ አይደለም። ነገሩ የሚጀምረው በቡና ቁርስ ነው። ከጀበናው አጠገብ ቆሎና ፈንዲሻ ነበረኝ። ጠዋት የሚመጡ የታክሲ ሾፌሮች «ጠንከር ያለ ነገር የለም?» ማለት ጀመሩ፤ አንዲት የሰፈራችን እናት ፓስቲና ሳምቡሳ ጠብሰው፣ በጨርቅ ሸፍነው እያመጡ ያስረክቡን ጀመር። ፓስቲ የለመደ ሰው እንቁላል ይጠይቃል። እንቁላል ምድጃ ይፈልጋል፤ ምድጃ ከገባ ፉል ይከተላል፤ ጠዋት ፉል የበላ ሰው ቀትር ላይ ብቅ ብሎ «ሽሮ አትሠሩም እንዴ?» ይላል። ቤቱ የሚለወጠው እዚህ ላይ ነው። ሽሮ ካለ እንጀራ አለ፤ እንጀራ ካለ ሊጥ አለ፤ ሊጥ ካለ ሦስት ቀን ቀድሞ የሚያስብ ሰው ያስፈልጋል። ካፌ የሚኖረው ለዕለቱ ነው፤ ወተቱ ጠዋት ይመጣል፣ ማታ ያልቃል። ምግብ ቤት ግን ሰኞ ላይ ሆኖ የሐሙስን እንጀራ ያቦካል።

ባለቤታችንን ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። እትዬን ለውሳኔ ያበቃቸው ሒሳብ ነው። ለአንድ ስኒ 7 ግራም ቢያዝ ከአንድ ኪሎ የተቆላ ቡና ወደ 140 ስኒ ይወጣል። በወረቀት እንዲህ ነው። ጥሬው ግን ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል፤ ጠዋት መፍጫው እስኪስተካከል የሚደፋ አለ፤ መፍጫው ውስጥ አድሮ መዓዛው የሚጠፋም አለ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የማሽኑ መለዋወጫ የሚቀመስ አልሆነም። ይህ ሁሉ ሆኖ ያስጨነቃቸው ቡናው አልነበረም፤ ወንበሩ ነው። አንድ ማኪያቶ አንድ ወንበር ለሁለት ሰዓት ይይዛል። አንድ ሽሮ ግማሽ ሰዓት ይይዝና የማኪያቶውን እጥፍ ድርብ ይከፍላል። አንድ ማታ በሩን ልንዘጋ ስንል እትዬ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ አይተው «ልጄ፣ ለካ ወንበር ነው የምናከራየው» አሉኝ።

ከኋላ ያለው ዕቃ ቤት ፈርሶ ወጥ ቤት ሆነ። ጠረጴዛው ጨመረ፣ አስተናጋጅ ተቀጠረ፣ ሮቶ ተተከለ፤ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ሮቶ የሌለው ምግብ ቤት አንድ ሳምንት አይቆምም። በተከፈተ ዕለት ሰፈርተኛው «ቤት ለእምቦሳ» እያለ ገባ፤ እትዬም እንደ ደንቡ «እምቦሳ እሰሩ» እያሉ ተቀበሉ። የዚያን ቀን ያልከፈለ የለም፣ ያልመረቀም የለም። እኔ ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ነበር። ምን እንዳጣን የገባኝ ወር ያህል ቆይቶ ነው።

መጀመሪያ የመጣው ቅሬታ «ማኪያቷችሁ ይቀዘቅዛል» የሚል ነበር። ግራ ገባን። ባሪስታው ያው፣ ማሽኑ ያው፣ ወተት የሚያመጣልን ሰውም ያው። ነገሩን ያገኘው ባሪስታው ራሱ ነው። ከቡና ማሽን አናት ላይ ስኒዎችና ብርጭቆዎች ተደርድረው የምታዩት ለጌጥ አይደለም፤ ማሽኑ ከሥር ያሞቃቸዋል። ስኒው ሞቅ ካለ ትንሿ ቡና ሙቀቷን ይዛ ትቆያለች። ካፌ ሳለን አንድ ስኒ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ሞቆ እስኪመለስ ጊዜ ነበረው። የምሳ ግርግር ሲመጣ ግን ስኒው ከቀዝቃዛ ውሃ ወጥቶ፣ ጠብታው ሳይደርቅ፣ በቀጥታ ማሽኑ ሥር ይገባል። ያቺ ጥቂት ቡና ሙቀቷን ለስኒው ትሰጥና ለእናንተ ለብ ብላ ትደርሳለች። መፍትሔው ቀላል ነበር፤ ሁለት ደርዘን ስኒ ተጨምሮ ተገዛ። ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ስምንት ሰዓት ባለው ግርግር ማኪያቶ ካዘዛችሁ ግን ዛሬም «በሞቀ ስኒ» ብላችሁ ንገሩት። አይቀየምም፤ ሥራውን የሚያውቅ ሰው መጣ ብሎ ደስ ይለዋል።

የወተቱ ነገር ከዚህ የከፋ ነበር። ወተት በአጠገቡ ያለውን ሽታ ይስባል። ቦታ ስላልነበረን የተላጠው ሽንኩርትና የተከተፈው ነጭ ሽንኩርት የሚያድረው ከወተቱ ጋር በአንድ ፍሪጅ ነበር። ወተቱ አልተበላሸም፤ ቢፈላም አይቆረጥም። ግን ማኪያቶው ላይ ስሙን ልትጠሩት የማትችሉት አንድ ነገር ነበረበት። ደንበኛው ቀምሶ ግንባሩን ቋጠር ያደርጋል፣ ስኳር ይጨምራል፣ ይጠጣና ይሄዳል። በማግስቱ ሻይ ያዛል። ማኪያቶ ይጠጣ የነበረ ሰው ምክንያቱን ሳይናገር ወደ ሻይ ሲዞር ካያችሁ ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው። እኔ ያንን ምልክት እያየሁ ለሻይ ሒሳብ ስቀበል ከረምኩ። አሁን ወተቱ የራሱ ፍሪጅ አለው። በሩ ላይ ትልቅ ወረቀት ተለጥፏል፤ ሽንኩርት ይቅርና ሎሚ እንኳ አይገባበትም።

ካፌ የሚኖረው በማስታወስ ነው። ነጣ ያለ፣ ጠቆር ያለ፣ ስኳር ለብቻ፣ በትንሽ ብርጭቆ፣ ያለ አረፋ፤ ሰው ገብቶ ሳይቀመጥ ባሪስታው እጁን ወደ ማሽኑ መያዣ ይሰዳል። ደንበኛው «የኔን» ብቻ ይላል። ያቺ «የኔን» የምትል ቃል ለቤቱ ትልቅ ሀብት ናት። ምግብ ቤት ስንሆን አዲሶቹ አስተናጋጆች ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው እያንዳንዱን ሰው «ምን ልታዘዝ?» ማለት ጀመሩ። ትሕትና ነው፤ ጥፋት የለበትም። ሰባት ዓመት አንድ ዓይነት ማኪያቶ ሲጠጣ የኖረ ሰው ግን «ምን ልታዘዝ?» ሲባል ፊቱ ላይ የሚያልፈውን ነገር አይቻለሁ። በገዛ ቤቱ ስሙን የተጠየቀ ሰው ይመስላል።

ስለ ጾም ልንገራችሁ፤ የጾም ቀን ይህች ቤት ሌላ ቤት ናት። ረቡዕና ዓርብ፣ የዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ከኅዳር 15 ጀምሮ የነቢያት፣ ከነሐሴ 1 ጀምሮ የፍልሰታ፤ ሲደማመር ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ይይዛል። በእነዚህ ቀናት ባሪስታው ጥቁር ቡና፣ ሻይና ስፕሪስ ሲሠራ ይውላል። ወተት አቅራቢያችን ደግሞ ጭንቅ ውስጥ ይገባል፤ ሰው ይጾማል እንጂ ላም አትጾም። በዐቢይ ጾም ጠዋት ጠዋት በጄሪካን ወተት ይዞ «ትንሽ እንኳ ጨምሩ» ሲል ማየት ያሳዝናል። ወጥ ቤቱ ግን ደስታው ያን ጊዜ ነው። ምስሩ፣ አልጫ ክኩ፣ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ቀይ ሥሩ፣ የቲማቲም ፍትፍቱ በትልልቅ ድስት ይሠራና ገና ትኩስነቱ ሳይበርድ ያልቃል። ስለዚህ ይህን ያዙ፤ በያይነቱ የምትወዱ ከሆነ ረቡዕና ዓርብ ኑ። ማክሰኞ ብትመጡም እናቀርባለን፤ ጎመኑ ግን ጥቂት ገዢ ሲጠብቅ የዋለ ጎመን ነው። የትም ቤት ብትገቡ ዙሪያችሁን አይታችሁ ብዙ ሰው የሚበላውን እዘዙ። ድስቱ ቶሎ ቶሎ የሚታደሰው ለእሱ ነው።

ሽሮም እንደዚሁ ነው። ሽሮ ፈሰስ በትልቅ ድስት ተሠርቶ ይጠብቃችኋል፤ ተጋቢኖው ግን ትእዛዛችሁ ሲገባ በትንሿ ሸክላ ይጣዳል፤ እየተንተከተከ ካልመጣ መልሱት። ይህን ያለችኝ ወጥ ሠሪያችን ናት፤ «ዝም ብሎ የመጣ ተጋቢኖ ከእኔ እጅ ከወጣ በኋላ የሆነ ቦታ ቆሟል» ትላለች። የቆመውም ብዙ ጊዜ እኔ ዘንድ ነው፤ ማዘዣው ሳይመዘገብ ምግቡ እንዳያልፍ ስለማግደው።

ከበያይነቱ ጋር የተያያዘ አንድ ነገር አለ፤ ስለ እሱ ሳወራ ልቤ ይሞቃል። ሥጋችን የሚመጣው ከክርስቲያን ሥጋ ቤት ነው። የሰፈራችን ሙስሊሞች ስለዚህ ጥብሳችንን አይበሉም፤ በያይነቱ ግን ይበላሉ። ከፊት ለፊታችን ካለው ጋራዥ አንድ ላይ የሚመጡ ልጆች አሉ፤ ክርስቲያንም ሙስሊምም ናቸው። ረቡዕና ዓርብ አንድ ትሪ ያዝዛሉ፤ አንድ ላይ እጃቸውን ይሰዳሉ፤ ይጎራረሳሉ። ከእነሱ አንዱ አንድ ቀን ብቻውን ወደ እኔ መጥቶ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማው ጎንበስ ብሎ «እህቴ፣ ምስሩ የሚቁላላው ጥብስ በሚጠበስበት ድስት ነው?» አለኝ። አላውቅም ነበር። ገብቼ ጠየቅሁ። አልፎ አልፎ ነበር። ወጥ ሠሪያችን ራሷ ደነገጠች፤ ለሚጾመውም ሰው ነውር ነው። በዚያው ሳምንት የጾሙ ድስቶች እጀታቸው ላይ አረንጓዴ ጨርቅ ታሰረባቸው። ያ ልጅ ጮሆ ቢናገር ምሳ የሚበላው ሰው ሁሉ ይነሣ ነበር። በዝምታ ቢያልፈው ደግሞ እኛ እስከ ዛሬ አናውቅም ነበር። በልኩ ተናገረ፤ ነገሩም በዚያው ተስተካከለ።

አሁን ወደሚያሳፍረኝ ነገር ልምጣ። ተጨማሪ እንጀራ።

በእናቶቻችን ቤት እንጀራ አይቆጠርም። እንግዳው «በቃኝ» ሲል «በሞቴ» ተብሎ ይጨመርለታል። እኛ ግን ሒሳቡ ላይ «ተጨማሪ እንጀራ» የሚል መስመር አለን። ለምን እንደመጣ ላስረዳችሁ። ሊጡ ሦስት ቀን ይቦካል፤ የቀረረው ውሃ ይፈስሳል፤ ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይሠራና ይመለስበታል፤ ከዚያ ነው ምጣድ ላይ የሚወጣው። አብሲቱ ከተበላሸ እንጀራው ዓይን አያወጣም። መብራት ከጠፋ ምጣዱ ይቆማል፤ ያቦካነው ሊጥ ከልኩ አልፎ ይኮመጥጣል፤ እንጀራ ከውጭ በጥድፊያ እንገዛለን፤ ያኔ ዋጋ የሚተምነው ሻጩ ነው። ጤፉ ደግሞ ዋጋው የት እንደደረሰ ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እናንተም ትገዙታላችሁ። ስለዚህ እትዬ ማስከፈላቸው ያለ ምክንያት አልነበረም።

ጥፋታችን ሌላ ነው። አስተናጋጁ ሳይጠየቅ የተጠቀለለ እንጀራ አምጥቶ ትሪው ዳር ላይ ያኖር ነበር። ደንበኛው እንደ ቤቱ ደግነት አይቶት ይበላል። ሒሳብ ሲመጣ ግን ተቆጥሮ ያገኘዋል። አንድ የቀን ሠራተኛ ወጣት ነበር፤ በአካባቢው ሕንፃ ሲሠራ ምሳውን እኛ ዘንድ ይበላል። ገንዘቡን ቆጥሮ ነው የሚመጣው፤ ለሽሮ ልክ፣ አንድ ብር አይተርፈው። ያን ቀን ሁለት ጭማሪ ቀርቦለት በላ። ሒሳቡን ስነግረው እጁ ኪሱ ውስጥ ቀረ። «እኔ አላዘዝኩም እኮ» አለ፤ በጣም በቀስታ። ከኋላው ሰልፍ ነበር። «ይቅር» አልኩት፤ ግን የሰሙ ሰዎች ዘወር ብለው አይተውት ነበር፤ ከዚያ ቀን በኋላ ተመልሶ አልመጣም። ማታ ለእትዬ ነገርኳቸው። ረጅም ጊዜ ዝም ብለው ተቀመጡ። በማግስቱ የሽሮው ዋጋ ላይ ትንሽ ተጨመረና የመጀመሪያው ጭማሪ እንጀራ ከሒሳብ ወጣ። ከዚያ በላይ ሲሆን አስተናጋጁ «ልጨምርልዎ? ሒሳብ አለው» ብሎ አስቀድሞ ይናገራል። ልጁ ግን ይህን አያውቅም። ሕንፃው አልቋል፤ የት እንደሄደ የምጠይቀው ሰው የለኝም።

ፍርፍር ላይ የምትጠራጠሩ አላችሁ፤ ይገባኛል። ፍርፍራችን ከትናንት እንጀራ ነው የሚሠራው፤ መሆንም ያለበት እንዲሁ ነው። የዛሬ እንጀራ ወጥ ሲነካው ይላቁጣል፤ ያደረው ግን ወጡን ጠጥቶ ቅርጹን ይይዛል። ያደረ ስል ከመሶቡ ሳይወጣ ያደረውን ማለቴ ነው። ከትሪ የተመለሰ አንድ ቁራሽ ወደ ድስት አይገባም። ይህን በዓይኔ ስለማየው ነው ደፍሬ የምነግራችሁ። የተረፋችሁን ደግሞ «ጠቅልሉልኝ» በሉ። ድሮ ሰው ያፍርበት ነበር፤ አሁን ቀርቷል፤ ደስ ይለኛል፤ የምግብ መጣል የወጥ ሠሪን ልብ ይሰብራል።

ጥብስ አነሰብን የምትሉ፣ ሥጋው የሚመዘነው ጥሬውን ነው፤ እሳት ላይ ሩብ ያህሉን ያጣል፤ ደረቅ ጥብስ ካላችሁ ደግሞ ከዚያም ይበልጥ። በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም።

ሒሳብ ስትከፍሉ የሚሆነውን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሁለት ጓደኛሞች ሲነሡ ትግል ይጀመራል። «እኔ እከፍላለሁ»፣ «በእናትህ»፣ «ከሱ እንዳትቀበይ»፣ «ተይ እኔን ስሚኝ»፤ ብሩ እጄ ላይ፣ ክንዴ ላይ፣ አንዳንዴ ደረቴ ኪስ ውስጥ ይገባል። የማንን እንደምቀበል ልንገራችሁ። ምግቡ ከማለቁ በፊት እጁን ሊታጠብ የተነሣ መስሎ ወደ እኔ ብቅ ያለ ሰው አለ። እሱ ከልቡ ነው። ከእሱ ከተቀበልኩ በኋላ ሌላው ቢቆጣኝም አልመልስም። በእኛ አገር መጋበዝ ትልቅ ነገር ነው፤ ያንን ክብር የሚነጥቅ ሒሳብ ተቀባይ መሆን አልፈልግም።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሲጀምር ገና ካፌ ነበርን። ዛሬ ብዙው ሰው የሚከፍለው በስልክ ነው። «ልኬያለሁ» ይለኛል፤ የእኛ ስልክ ግን መልእክቱን አላሳየም። ኔትወርክ ነው። ሰውዬው በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ እኔም እጠብቃለሁ፤ ሁለታችንም እናፍራለን። ቀደም ሲል የከፈሉበትን ማረጋገጫ ፎቶ ደጋግመው የሚያሳዩ ሰዎች ስላጋጠሙን ነው የእኛን ስልክ የምናየው። ቀና ሰው በነሱ ምክንያት ሲቆም ሁልጊዜ ያመኛል። የማውቀውን ሰው ግን አላቆምም፤ «ይሂዱ» እለዋለሁ። እስካሁን ያሳፈረኝ የለም።

ጉርሻ የምትተዉ ደግሞ ይህን እወቁ፤ ከሒሳቡ ጋር ደምራችሁ በስልክ ከላካችሁት ወደ ቤቱ ሒሳብ ነው የሚገባው። እኛ ዘንድ ማታ ማታ ተጽፎ ለልጆቹ ይከፋፈላል፤ ዕቃ አጣቢዋም ወጥ ሠሪዋም ይደርሳቸዋል፤ ይህን ያስጀመሩት እትዬ ናቸው። በየቤቱ እንዲህ ነው ብዬ ግን አልምልላችሁም። እጅ በእጅ የሰጣችሁት የትም አይጠፋም።

አሁን ደግሞ ጋሼ።

ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ካፌ ሳለን መስኮቱ ሥር ያለችው ጥግ የሳቸው ነበረች። ጠቆር ያለ ማኪያቶ፣ ስኳር ለብቻ፣ ጋዜጣ። ሰፈርተኛው ማመልከቻ ሲያጽፍ፣ ልጁ የወደቀበትን ትምህርት ሲያማክር፣ የውሃ ቆጣሪ ክርክር ሲገጥመው ወደዚያች ጥግ ይመጣል። የመጣ ሁሉ ቡና ያዛል። ይህን ቆጥረነው አናውቅም። አንድ ቀን ቀትር ላይ ቤቱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ አራት ሰዎች ቆመው ቦታ ሲጠብቁ፣ አዲሱ አስተናጋጅ ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ምሳ የማይበሉ ከሆነ ወንበሩ ይፈለጋል» አላቸው። ልጁ ክፉ አይደለም፤ እንዲህ በል ተብሎ ነው። ጋሼ ጋዜጣቸውን አጠፉ፣ ሒሳባቸውን ከፈሉ፣ «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። የከፈሉት ለእኔ ነው። ብሩን ስቀበል ዓይናቸውን ማየት አልቻልኩም። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» ማለት ይቻለኝ ነበር። አራቱን ሰዎች አየሁና ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አልመጡም። ሳምንት ሳይሞላ ሰው ብቅ እያለ «ጋሼ የሉም?» ማለት ጀመረ። «የሉም» ስንል ሳይቀመጥ ይመለሳል። አንዱ ይሄዳል፣ ሌላው ይሄዳል። ያቺ ጥግ በምሳ ሰዓት አራት ሽሮ ትሸጥ ነበር፤ ከቀትር በፊትና ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ግን ቤቱ በሙሉ ባዶ ሆነ። ባሪስታው ቆሞ መስታወት ሲወለውል ይውላል።

ያገኘኋቸው እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ነው። ጉልበታቸውን ልስም ዝቅ ስል ትከሻዬን ይዘው አነሡኝ። ይቅርታ ልጠይቃቸው አፌን ስከፍት ቀደሙኝ። «የኔ ልጅ፣ ስለ ወንበሩ አልተቀየምኩም። የራበው ሰው ቆሞ እኔ ጋዜጣ ማንበቤ ልክ አልነበረም፤ ራሴም ልነሣ ነበር» አሉኝ። ከዚያ ትንሽ አመንትተው፣ ሌላ ሰው የሚሰማቸው ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቡናችሁ ግን ሽንኩርት ሽንኩርት ይለኛል» አሉ። ያን ያህል ጊዜ፣ ያን ያህል ሰው ሲመላለስ፣ ፊት ለፊት የነገሩን እሳቸው ብቻ ናቸው።

ለእትዬ አንድም ቃል ሳልቀንስ ነገርኳቸው። ወጥ ሠሪያችን ቁሌቱን የምትጥደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ነበር። ሽንኩርት ቀስ ብሎ ካልበሰለ ወጥ አይሆንም፤ ስለዚህ ቤቱ ገና ሲከፈት ሽታው ጣሪያ ይነካል። ተነጋገርን። እሷም መጀመሪያ ተቆጣች፤ በእሷ ሥራ ገብተናልና ትክክል ናት። በኋላ መላውን ያመጣችው ራሷ ናት። አሁን ለጠዋት ፍርፍር የሚሆነው ቁሌት ማታ ይሠራና ያድራል፤ የምሳው ከሦስት ሰዓት ተኩል በፊት እሳት አይነካም። በዚህ ምክንያት ምሳ ከ6 ሰዓት ተኩል በፊት አይደርስም፤ ቀድመው የሚመጡ የቢሮ ሰዎች አጥተናል። ለወጥ ቤቱ በር ተገጥሞለታል፤ አየር የሚያወጣ ማራገቢያም ወደ ጓሮ በኩል ተተክሏል። ጀበናው እንደገና በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከእኔ በኋላ የመጣች ልጅ ታፈላዋለች፤ ቄጠማ ትጎዘጉዛለች፤ ከአቦል እስከ በረካ የሚጠብቋት የራሷ ደንበኞች አሏት። የመስኮቷ ጥግ በምሳ ሰዓት ለሁሉም ናት፤ ጋሼ ራሳቸው እንዲህ ይሁን ብለዋል። ከቀትር በፊት ግን የሳቸው ናት።

እንግዲህ ከዚህ ቤት ቡና መጠጣት ከፈለጋችሁ ሰዓቱን ልንገራችሁ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ኑ። ማሽኑ ሞቆ ይቆያችኋል፤ ወተቱ ገና መምጣቱ ነው፤ ወጥ ቤቱ በሩ ዝግ ነው፤ የሚሸታችሁ ዕጣንና የሚቆላ ቡና ብቻ ነው። ስኒዎቹ ማሽኑ አናት ላይ ተደርድረው፣ ደርቀው፣ ሞቀው ይጠብቃሉ። ባሪስታው ከወደዳችሁት ላይ ያነሣላችኋል። በግራ በኩል ዳር ላይ ያለችው ግን የጋሼ ናት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ይመጣሉ።